አንድ ስም፣ አንድ ወንበር

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ መልሱ ይቸግረኛል። «ኮምፒውተር ላይ ነው» ካልኩ ፕሪንተር እንድጠግን ይጠሩኛል። «መረጃ አጣራለሁ» ካልኩ ደግሞ ሰዉ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ወሬ ይቀይራል፤ የሌላ መሥሪያ ቤት ሰው እመስለዋለሁ።

የምሠራው ሠራተኛ የሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ፋብሪካና ግንባታ ላይ የሚውሉ ሰዎችን ጠዋት ወስደን ማታ እንመልሳለን። ድሮ ይህ ሁሉ የሚመራው በስልክና በጩኸት ነበር። በየከተማው አንድ አስተባባሪ አለ፤ ማን ከየት እንደሚነሳ ያውቃል፤ ለሾፌሩ ይደውላል፤ ሾፌሩ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ሰው ተረስቶ ይቀራል። ግን ማን እንደቀረ ይታወቃል፤ ራሱ የቀረው ሰው ደውሎ ይሳደባላ።

ከዚያ ሲስተሙ መጣ።

አስተባባሪዎቹ ከሰዓት በኋላ የነገ ተሳፋሪዎቻቸውን በኮምፒውተር ይልካሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን ማሽኑ በራሱ ይነሳል። የተላከለትን ያነባል፣ ሰዉን በየመኪናው ይደለድላል፣ ለሾፌሩም ለተሳፋሪውም አጭር መልእክት ይልካል። አለቃዬ «የሰው እጅ አይገባበትም» የምትለዋን ቃል በየስብሰባው ሲደጋግማት ፊቱ ይበራ ነበር።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የተላከለት ነገር ትክክል መሆኑን ማን ያያል?

«እሱ ራሱ ያያል» አለኝ አለቃዬ፣ በአገጩ ወደ ኮምፒውተሩ እየጠቆመ።

«እሱ የሰጡትን ነው የሚፈጨው። ጤፍ ቢሰጡት ጤፍ፣ ጠጠር ቢሰጡት ጠጠር።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ማጓተት ትወጃለሽ።»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ።

ከሦስቱ ከተሞች መጀመሪያ የተላከውን ከፍቼ ሳይ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሰበታ በአማርኛ አለች፤ በላቲን ፊደል አለች፤ በኦሮምኛው አጻጻፍ ፊደሏ ተደራርቦ አለች፤ አንዷ ሰበታ ደግሞ ከፊቷ ባዶ ቦታ ስለተተወ ብቻ ሌላ ከተማ ሆናለች። ለሰው ዓይን ሁሉም ያቺው ሰበታ ናት። ለማሽን ግን ባዶ ቦታም ፊደል ነው። ስልክ ቁጥሮቹ ከፊት ያለችው ዜሮ ተበልታባቸው ነው የመጡት፤ ኤክሴል የሚሉት ነገር ከፊት ዜሮ ሲያይ ትርፍ ይመስለዋል። የልደት ቀን አንዱ በእኛ አቆጣጠር ጽፏል፣ ሌላው በፈረንጅ። የካቲት ሠላሳ የተወለደች አንዲት ሴት ነበረች፤ ሲስተሙ የካቲትን ከፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ጋር አንድ አድርጎ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ መለሳት። በጳጉሜ የተወለዱትማ ወራቸው ራሱ አልተገኘም። «የሚነሱበት ቦታ» በሚለው ሥር አንዱ «ገፈርሳ» ብሎ ሲተው፣ ሌላው «ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት» ብሏል። ድሮ የነበረ ወፍጮ ቤት የሚያውቅ ማሽን ገና አልተሠራም።

ከሁሉም ያስፈራኝ ሰዓቱ ነበር። የሱሉልታው አስተባባሪ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚያው ተወልደው ያደጉ፣ የከተማው ሰው በሙሉ የሚያከብራቸው ሰው። ጋሼ የመነሻ ሰዓት በሚለው ቦታ «12፡00» ብለው ጻፉ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። ሌላ ምን ይበሉ! የሰበታው አስተባባሪ ደግሞ ከተሜ ልጅ ነው፤ ያንኑ ንጋት «6፡00» ብሎ በፈረንጅ ሰዓት ጻፈው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ስለዚህ የሰበታው ልጅ ሰዎች ንጋት ላይ ሲነሱ፣ የጋሼ ሰዎች እኩለ ቀን ላይ ሊነሱ ነው።

ወረቀቱን አትሜ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

«ሰዓቱ በሁለት ዓይነት ነው የተጻፈው። የቱ የቱ እንደሆነ ደውዬ ላጣራና ከሰኞ በኋላ እንጀምር።»

«የምርቃቱ ቀን ተወስኗል። እንግዶች ተጠርተዋል።»

«እንግዶቹ ይምጡ፣ ኬኩም ይቆረስ። ማሽኑ ግን አይነሳ።»

«እና ምን ሊያዩ ይመጣሉ?» አለኝ። እሱም አልተሳሳተም።

ተመረቀ። ከፋብሪካዎቹ የመጡ ሰዎች ሱፍ ለብሰው ተደረደሩ፤ አንደኛው ቁልፏን ተጫነ፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር እየሮጠ ሞላ፤ ተጨበጨበ። ሶፍትዌሩን የሠራው ባለሙያ «ዜሮ ኤረር» ብሎ ጮኸ። እኔ ከኋላ ቆሜ የጋሼን አሥራ ሁለት ሰዓት አስብ ነበር። ስልክ ደውዬላቸው «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ሾፌሩን ራስዎ ደውለው ይጥሩት» ብዬ ነበር። «ቶሌ፣ ቶሌ» ብለውኛል። እሺ ማለታቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ በምኖርበት ቡራዩ ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ መልእክቱን ትቶ እንደ ልማዱ የወጣው ሰው ሁሉ ብርድ ላይ ቆሟል። መኪናው የት ደረሰ?»

የሱሉልታን ብርድ የማያውቅ ሰው ይህን ነገር ቀላል አድርጎ ሊያየው ይችላል። ከእንጦጦ ጀርባ ጠዋት የሚነሳው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሜዳው ላይ የሚሮጡት አትሌቶች እንኳ እስኪሞቃቸው ፊታቸው አመድ ይመስላል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የሚሞቀው ነገር የለውም።

«ሾፌሩን አልጠሩትም?»

«ጠራሁት። በሲስተም ነው የምንቀሳቀሰው ብሎ ዘጋብኝ።»

ራሴ ደወልኩለት። ድምፁ የእንቅልፍ ነው።

«መልእክቱ ቀን ስድስት ሰዓት ነው የሚለው» አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሱሉልታን ስንት ዓመት በጠዋት ስታነሳ አልኖርክም?»

«ኖሬያለሁ። ግን ከመልእክቱ ውጪ የተንቀሳቀሰ ይጠየቃል ተብሏል። እኔ መጠየቅ አልፈልግም፣ እህቴ። ልጆች አሉኝ።»

ትእዛዙን በስብሰባ ሲነገር እኔም ሰምቻለሁ። ሰዉ በየፊናው በሚኒባስ ተበተነ፤ ግማሹ አርፍዶ ደረሰ፤ ግማሹ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ሾፌር ግን ሰዓቱን ጠብቆ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሱሉልታ ደርሶ፣ ባዶ መቆሚያ ላይ ጥሩንባ እየነፋ ደወለልኝ። «ደርሻለሁ፤ ሰው የለም፤ ምን ላድርግ?»

አለቃዬ ስብሰባ ጠራ። «የሰው ስህተት ነው» አለ።

«አዎ» አልኩ። «ድሮም የሰው ስህተት ነበረ። አሁን ግን ስህተቱ በማሽን ፍጥነት ነው የሚሄደው።»

ስብሰባውን ሲዘጋ «በይ የምትይውን ማጣሪያ ሥሪው» አለኝ። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የተላከውን ሁሉ የሚፈትሽ፣ ችግር ካየ «አልነሳም» የሚል በር ማለት ነው። ሰዓት ሲጻፍ ጠዋት ወይስ ማታ፣ በእኛ ወይስ በፈረንጅ ብሎ ይጠይቃል። ከተማ ከተዘጋጁት ስሞች ይመረጣል እንጂ አይጻፍም። ስልክ ቁጥር ካጠረ አይቀበልም። የካቲት ሠላሳም ጳጉሜም ቀን ናቸው። ሁሉም አረንጓዴ ሲሆን የመጨረሻዋን «ይለፍ» የምጫነው እኔ ነኝ። ባለሙያውን አጠገቤ አስቀምጬ፣ እኔ እያልኩ እሱ እየጻፈ ጨረስነው። ተደስቼ ነበር። ሞኝነቴን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል፤ ሰው መልካም በር ሲሠሩለት በበሩ የሚገባ መስሎኝ ነበር።

የቡራዩዋን አስተባባሪ እትዬ እንላታለን። ደግ ሴት ናት፤ ሠራተኞቿን እንደ ልጆቿ ነው የምታያቸው፤ ልጅ የታመመባት እናት ብትኖር ራሷ ሄዳ የምታሳክም ዓይነት። ኮምፒውተሩ ግን ጠላቷ ነው። ማጣሪያው በተጀመረ ሰሞን በየቀኑ ትደውልልኛለች።

«እምቢ አለ!»

«ምን አለሽ?»

«ቀይ አለኝ። ስልክ አስገቢ ይለኛል። ስልክ የሌለው ሰውስ?»

«ስልክ ከሌለው “የለውም” የሚል ቦታ አለ፣ እትዬ። እሱን ምረጪ።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ በቃ አለፈልኝ!» ብላ ዘጋችው።

እንዴት እንዳለፈላት የገባኝ በማግስቱ ነው። ስልክ ለሌላቸው ሁሉ የራሷን ቁጥር አስገብታለች። አሥር ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ተነሳና የሁሉንም መልእክት እሷ ላይ አዘነበው። «ክቡር ተሳፋሪ፣ ነገ ከገፈርሳ ይነሳሉ። ክቡር ተሳፋሪ፣ ነገ ከአሸዋ ሜዳ ይነሳሉ።» ደውላ «ስልኬ ሊፈነዳ ነው፣ የት የት ልነሳላችሁ ነው!» ብላ ስትጮህብኝ ሳቅም ንዴትም እኩል መጣብኝ።

የሰበታው ልጅ የባሰ ነው። ፈጣን ነው፤ «ኖ ስትረስ» ይላል ገና ሳልጨርስ። የልደት ቀን ካልተሞላ ማጣሪያው እንደማያሳልፍ ሲያውቅ ያላወቀውን ሰው ሁሉ መስከረም አንድ ቀን እንዲወለድ አደረገው። ሰበታ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ብቻ የሚያምጡ እናቶች ከተማ ሆነች። ደወልኩለት።

«ይሄ ሁሉ ሰው መስከረም አንድ ነው የተወለደው?»

«ምን ችግር አለው? አረንጓዴ ነው አይደል የሚለው?»

«አረንጓዴ ማለት እውነት ማለት አይደለም።»

«አይዞሽ፣ ኖ ስትረስ» አለኝ።

ማታ ቡራዩ በሚሄደው ታክሲ ጥግ ላይ ተጨናንቄ ስሄድ ይህን ነገር አብሰለስላለሁ። ባዶ ቦታ ሐቀኛ ነው፤ አላውቅም ይላል። እኔ ባዶውን ስከለክል ውሸቱ ጎርፎ መጣ። ቁጥሩ ሙሉ ነው፣ ቀኑ ሙሉ ነው፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ከባዶው ይልቅ እሱን ማጣራት ከበደኝ።

ይህም ሳይበቃ ድግግሞሹ መጣ። አስተባባሪዎቹ አንዳንዴ ያንኑ ሰው ሁለት ጊዜ ስለሚልኩት ሁለት ወንበር ይያዝለታል። ባለሙያውን «ሁለት ጊዜ የመጣ የመሰለህን ለእኔ አሳየኝ፣ ደውዬ እጠይቃለሁ» አልኩት። «ሲስተሙ ራሱ ሊያጠፋው ሲችል ለምን ትደክሚያለሽ?» አለኝ። «አታጥፋ፤ አሳየኝ ብቻ» አልኩት ደግሜ። አለቃዬ ፊት ነው ያልኩት። አለቃዬ በመካከላችን ገብቶ «ማጥፋቱ ይሻላል፤ የሰው እጅ ለምን ይገባበታል?» አለ። እንዲያጠፋ ተደረገ። ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክና መነሻ ቦታ አንድ ከሆነ ሁለተኛው ይጠፋል። የልደት ቀን ከሰበታው መስከረም አንድ ወዲህ አይታመንም ተብሎ አልገባም። ለማንም አይነገርም። ማጣሪያዬም አረንጓዴ ይላል፤ የሚያጣራው ከጠፉት የተረፉትን ነዋ።

ጥቂት ሳምንታት በሰላም አለፉ። አንድ ቀን ጋሼ ደወሉ። መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው «አከም ቡልቴ፣ ልጄ» ብለው አዳሬን ጠየቁኝ፤ እኔም «ነጋ፣ ጋሼ» ብዬ ሰላም መሆኔን ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ፦

«እነዚያ ሁለቱ የደቡብ ልጆች አሉ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩት። አንድ ቀን ረጅሟ ትመጣለች፣ በማግስቱ አጭሯ። አብረው አይመጡም። ተጣላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ አይ፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው አለችኝ። የምን ተራ ነው?»

ተነስቼ ስማቸውን ፈለግኩ። አንድ ስም ነው ያለው። ጋሼ የላኩትን የመጀመሪያውን ከፈትኩ። እዚያ ሁለት ነው። ስም ከነአባት አንድ፣ ስልክ አንድ፣ መነሻ አንድ።

አለቃዬን እንኳ ሳላስፈቅድ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። በእንጦጦ በኩል የሚያልፈው ሚኒባስ ላይ ተሳፍሬ ሱሉልታ ስደርስ ረፋድ ነበር። ጋሼ መንገድ ዳር ጠበቁኝና ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው የኪራይ ቤቶች ግቢ ወሰዱኝ። የዚያ ቀን ተራ የረጅሟ ስለነበር ቤት የቀረችው አጭሯ ናት። የታጠበ ልብስ ሽቦ ላይ ታሰጣለች። ጋሼ «ከትራንስፖርቱ የመጣች ናት» ሲሏት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጨበጠችኝ፤ ፈገግ ግን አላለችም።

ረጅሟና አጭሯ ዘመድ አይደሉም። ከአንድ ወረዳ እንኳ አይደሉም። ሁለቱም ከደቡብ ለሥራ መጥተው ፋብሪካ በር ላይ ነው የተገናኙት። ወላጆቻቸው ጴንጤዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውን በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ነው የሰየሟቸው፤ አባቶቻቸውም እንደዚያው። ስማቸው ከነአባታቸው አንድ ሆኖ ሲገኝ ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ አብረን እንከራይ ተባባሉ። የረጅሟ ስልክ ውኃ ገብቶበት ስለሞተ በአጭሯ ስልክ ይጠቀማሉ። አንድ ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ አንድ መቆሚያ። ከሩቅ ለሚያይ ማሽን አንድ ሰው ናቸው።

«መልእክቱ አንድ ብቻ መጣ» አለችኝ። «ድሮ ሁለት ነበር የሚመጣው። አንድ ሲሆን ከሁለታችን አንዳችንን አይፈልጉም ማለት ነው አልን። የትኛችንን እንደሆነ ግን አይልም። ምን እናድርግ? አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ አልን።»

«ለምን ዝም አላችሁ? ለምን አልተናገራችሁም?» የተናደድኩት በራሴ ነበር፤ እሷ ግን በእሷ የተናደድኩ መሰላት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ለማን? መልእክቱ በመጣበት መልሼ ጻፍኩ፤ አልሄደም አለ። ሾፌሩን ጠየቅን፤ ስምሽ አንዴ ነው ያለው፣ አንዳችሁ ግቡ አለን። ፋብሪካ ጠየቅን፤ ትራንስፖርቱን ጠይቁ አሉን። ትራንስፖርቱ ማነው? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ለአንቺ እየነገርኩሽ ነው።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ባሕር ዛፉ ዞሩ።

ፋብሪካውስ አላየም ወይ? እሱንም ጠየቅኳት። ፋብሪካው ከእኛ ጋር ከተዋዋለ ወዲህ የሠራተኛውን መኖር የሚወስደው ከእኛ ሲስተም ነው። መኪና የተሳፈረ ተገኝቷል ይባላል። ስሟ በየቀኑ ተሳፍሯል፤ ስለዚህ በየቀኑ ተገኝታለች። አንዱ ቀን በረጅሟ እግር፣ ሌላው በአጭሯ። የልብስ ስፌቱ አለቃ ዛሬ ይህቺ ነገ ያቺ ስትመጣ ተገርማ ጠይቃ ነበር አሉ፤ «ሲስተሙ ነው» ሲሏት «እህ» ብላ ሄደች። «ሲስተሙ ነው» የተባለ ነገር ላይ ማንም ሰው ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅም። እኔን ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ይህ ነው፦ የቀረችው ቀሪ እንኳ አልተባለችም። ቀሪ ለመባል መጀመሪያ መኖር ያስፈልጋል።

«የአያትሽ ስም ማነው?» አልኳት።

ጥያቄው ገረማት። ነገረችኝ። የረጅሟንም አያት ታውቀዋለች፤ ነገረችኝ። የተለያዩ ናቸው። ሁለቱን ሰዎች የሚለያቸው አንድ ቃል ነበር፤ እኛ ደግሞ እሱን ለመጠየቅ አልደከምንም።

ቢሮ ስመለስ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ባለሙያውን «የአያት ስም ጨምርልኝ፣ ማጥፋቱንም አቁምልኝ» አልኩት።

«ይቻላል» አለ። «ግን ለሚቀጥለው እትም ነው የሚሆነው። አሁን ከነካካሁት ሌላ ነገር ይበላሻል።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ማጣሪያውን ከፈትኩ። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የመጨረሻዋን «ይለፍ» የምጫነው እኔ ነበርኩ፤ ማጣሪያውን ስንሠራ ለራሴ ያስቀረሁት ያቺን ብቻ ነበር። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ሆነ። ማሽኑ አልተነሳም። ስልኮች መጮህ ጀመሩ። አለቃዬ መጣ።

«ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ያላሳለፍኩት።»

«ቀይ ነገር አለ እንዴ?»

«የለም። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ሱሉልታ አንዲት ሴት ግን ጠፍታለች።»

«ጠፍታ? ለፖሊስ ተነግሯል?»

«እኛ ነን ያጠፋናት።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ሁለቱ ተራ እየገቡ እንደሚሠሩ ስነግረው ፈገግ ሊል ነበር፤ ከዚያ ተወው። «አንዲት ሴት ስለሆነች ሦስት ከተማ ይቁም?» አለኝ።

«አንዲት የማውቃት ናት። የማላውቃቸው ስንት እንደሆኑ አላውቅም፤ እነሱን ለማየት ነው እንዲቆም የምፈልገው። ዛሬ አስተባባሪዎቹ እንደ ድሮው ደውለው ሾፌሮቹን ይላኩ። ሰዉን ያውቁታል።»

«አንቺ ሴትዮ...» አለና ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። የተለመደችውን የማጓተት ዓረፍተ ነገር ስጠብቅ ቀረች። ወደ ባለሙያው ዞሮ «ለሚቀጥለው እትም ያልከውን አሁን አድርገው» አለው። በደግነት ይሁን ፋብሪካው ቢሰማ በመፍራት አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም።

ያን ዕለትና በማግስቱ የጠፉትን ስንፈልግ ዋልን። አብዛኛዎቹ በእርግጥም ያው ሰው ሁለት ጊዜ ተልኮ ነበር። ሰበታ ግን ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ፣ በአንድ ስልክ የሚጠቀሙ ሁለት ወንድ ግንበኞች ተገኙ፤ አንደኛው ተስፋ ቆርጦ ሌላ ሥራ ገብቷል። የሰበታው ልጅ ይህን ሲነግረኝ «ኖ ስትረስ» አላለም። «አላየሁትማ፣ አረንጓዴ ስለሆነ» አለኝ፤ ድምፁ ወርዶ ነበር።

ሲስተሙ ተስተካክሎ በተነሳ ማግስት፣ ያ መጠየቅ የማይፈልግ ሾፌር መኪናውን የሚያሳድረው ቡራዩ ስለሆነ አብሬው ሱሉልታ ሄድኩ። ዓይኔ ካላየ አላምንም ብዬ ነው። ገና ሰማዩ ግራጫ ነው። ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ሁለቱ ከግቢያቸው እየሮጡ መጡ፤ ረጅሟን ያየኋት ያኔ ነው፤ እውነትም ረጅም ናት። ሁለት መልእክት በአንድ ስልክ እንደደረሳቸው አጭሯ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። አመሰገነችኝ አልልም። «አሁንስ ስማችን እንዳይጠፋ» ብቻ አለችኝ፣ ልክ ናት።

ተሳፈሩ። ከበሩ ገና ሳያልፉ መስኮቱ ጋ ማን እንደሚቀመጥ ተጣሉ። ስንት ቀን አንድ ወንበር በፍቅር ሲካፈሉ የከረሙ ሰዎች፣ ሁለት ሲያገኙ ተጨቃጨቁ። «ባለፈው አንቺ ነበርሽ!» «ባለፈው አልመጣሁም!» ሾፌሩ «ኧረ ተቀመጡ!» ብሎ ጮኸባቸው። ጋሼ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።

ተመልሰን እንጦጦን ስንወጣ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናት፣ ከቡራዩ።

«ይሄ የአያት ስም ምንድን ነው ደግሞ? እምቢ አለኝ!»

«የአያታቸውን ስም ጠይቀሽ መጻፍ ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«አያቱን የማያውቀውስ?»

«“አይታወቅም” የሚል ቦታ አለ። እሱን ምረጪ። እባክሽ የራስሽን አያት እንዳትጽፊ።»

በስልኩ ውስጥ ይሰማ የነበረው የኪቦርድ ኳኳታ ቆመ።

«እትዬ?»

«ለስንቱ ጻፍኩት መሰለሽ» አለችኝ።